የጠፋው ስልክና የተገዛው ወሬ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. አንድ የአፕል ኩባንያ መሐንዲስ ገና ለገበያ ያልቀረበ የአይፎን ናሙና በካሊፎርኒያ መጠጥ ቤት ረስቶ ሄደ። ስልኩም ለባለቤቱ በመመለስ ፈንታ ጊዝሞዶ ለተባለ የዜና ድርጅት በ5,000 ዶላር ተሸጠ፤ ምስጢሩም ለዓለም ተገለጠ። ፖሊስ የአዘጋጁን ቤት ሰብሮ ኮምፒዩተሮቹን በወሰደ ጊዜ፣ የጽሑፍ ነጻነት ተደፈረ በሚሉና የሰው ንብረት ተነካ በሚሉ ወገኖች መካከል ክርክር ተነሣ።

እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው እንላለን። ወሬው የሕዝብ፣ ዕቃው ግን የባለቤቱ ነው። ጋዜጠኛ ያየውን መጻፍ መብቱ ነው፤ የጠፋ ዕቃ መግዛት ግን አይደለም። ፖሊስም የጋዜጠኛን መዝገብ በር ሰብሮ ሳይሆን በፍርድ ቤት መጥሪያ ይጠይቅ።

በ2011 ዓ.ም. ከስልኩ ሽያጭ ጋር በተያያዘ የተከሰሱት ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 250 ዶላር ካሣ ለአፕል እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፤ ገዢው ግን አልተከሰሰም። ሕግ ቢተወውም፣ ተቀባይ ባይኖር ሌባ ይበረታ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።