ሐኪሙ ሲሄድ ከህመምተኛው ጋር የሚቀረው ማነው?



ከቤተሰባችን አንዱ ታሞ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ሆስፒታል ሲተኛ የሁላችንም ጥያቄ «ዶክተሩ ምን አለ?» የሚል ነው። ይሁንና ሐኪሙ አይቶና መድኃኒት አዝዞ ወደ ሌላው ህመምተኛ ያልፋል። ቀሪውን ቀንና ሌሊት ከአልጋው አጠገብ የሚቆመው ነርሱ ነው። መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱ፣ ትኩሳቱና የደም ግፊቱ መለካቱ፣ ሌሊት ሁኔታው ሲለወጥ ሐኪም መጠራቱ፣ ሁሉም በእርሱ እጅ ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ ትክክል ሆኖ ሳለ እንክብካቤው ከጎደለ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ሥራ በታሪካችን የተከበረ ነው። ሰዕድ ቢን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ በቆሰለ ጊዜ በመዲና መስጊድ በተተከለው ድንኳን ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) እንደነበረች ይታወቃል።

በዘመናችንም ጥናት ይህንኑ ያረጋግጣል። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ከ420 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድ ነርስ በሚንከባከባቸው ህመምተኞች ላይ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ይላል። ነርስ ሲበዛበት እጁን ሳይታጠብ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሊሄድ፣ የለካውን ሳይመዘግብ ፈረቃውን ለተተኪው ሊያስረክብ ይችላል።

ታዲያ እኛስ? በአገራችን የነርሱን ሥራ ግማሽ የሚሸከመው አስታማሚ ነው። ስለሆነም አስታማሚ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ስም። በአንድ ክፍል ሁለት መሐመድ ወይም ሁለት ፋጡማ ቢተኙ መድኃኒት ሊቀያየር ይችላል። መርፌ ሲመጣ የህመምተኛውን ስም እስከ አያት ድረስና የካርድ ቁጥሩን እንናገር። «ሲስተር፣ ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው?» ብሎ በትህትና መጠየቅም ድፍረት አይደለም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት እቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዓላማ አድርጎ ነበርና መጠየቅ መብታችን ነው። ከዚህ በፊት የማይስማማው መድኃኒት ካለም ሳንጠየቅ እንናገር።

ሁለተኛ፣ ጉሉኮስ ዘገየ ብሎ ራስ ማፍጠን አደገኛ ነው። ፈሳሹ በፍጥነት ከገባ ልብና ሳንባን ሊያስጨንቅ ስለሚችል ነርሱን መጥራት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መገላበጥ የማይችል ህመምተኛ በአንድ ጎኑ ብዙ ከቆየ የአልጋ ቁስል ይወጣበታል። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ እንዴት እንደሚገላበጥ ነርሱ ያሳየን።

አራተኛ፣ ዚያራ። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው። ነገር ግን አሥርና አሥራ አምስት ሆነን ክፍሉን ስንሞላ፣ አልጋው ላይ ስንቀመጥና ባልታጠበ እጅ ስንጨብጥ፣ ገና ቁስሉ ላልደረቀ ወንድማችን በሽታ ልናመጣበት እንችላለን። ነርሱም መንገድ ያጣል። ሁለት ሁለት ሆነን ገብተን፣ ዱዓ አድርገን፣ ቶሎ እንውጣ። በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ የሚያደርግ ሕዝብ ወደ ህመምተኛ ሲገባና ሲወጣ እጁን በሳሙና መታጠብ ሊከብደው አይገባም።

ነርሱ ቢሳሳት ደግሞ ጩኸት ማንንም አይፈውስም። የክፍሉን ኃላፊ ማነጋገር፣ ካልሆነም ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ ማቅረብ ለሚቀጥለው ህመምተኛም ይጠቅማል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረን ነርስ «አላህ ይስጥልን» ማለትንም አንርሳ።

አላህ (ሱ.ወ.) ህሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ የሚንከባከቧቸውንም ያበርታልን። አሚን።