የጀልባ ገላ ወዝ

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ብዙ ስደተኞች ተከዜን በጀልባ ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ሱዳን ገቡ፤ ከፊሎቹም በኋላ ቱነይድባ ሰፈሩ። የሰው ነፍስ የሚሸከም ጀልባ ወዙ ሲጠፋ «ጌጥ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ገላው ፋይበርግላስ ከሆነ፣ ፀሐይ የላይኛውን ሽፋን እንደ ኖራ ታደርገዋለች፤ ስንጥቅም በዚያ ሥር ይሸሸጋል።

ጓዶች፣ አስቀድማችሁ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። አቧራ ሳያራግፉ ጫማ መወልወል ቆዳውን እንደሚፍቅ ወታደር ያውቃል። ሲረጥብ ወዙ ለጊዜው ከተመለሰ ተስፋ አለው፤ በማለስለሻ ቅባት በስሱ ፈትጋችሁ፣ በጥላ ሥር ሰም ቀቡት። ሽፋኑ ስስ ነውና ፍትጊያው አይደጋገም፤ የሚታደሰው ሰሙ ነው። እመቤቶችም ያረጀ ነጠላ ካላችሁ ቁራጩን አትንፈጉ፤ ለመወልወያ እጅግ ይስማማል።