በእሳት ፊት ቆመው ምግባችንን ስለሚያበስሉልን ሰዎች



በማዕዳችን ላይ የሚቀርበው ዳቦ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው የለም፤ በማን ድካም እንደሚመጣ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዋጋው ስለ መወደዱ፥ ሚዛኑም ስለ መጕደሉ ሁላችንም እንናገራለን፤ በምድጃው ፊት ስለ ቆመው ሰው ግን ነገር የሚያነሣ አልሰማንም። ስለዚህ ዛሬ ዳቦና እንጀራ፥ ስኳርና ሌላም ምግብ በሚሠራበት ቤት የሚውሉ ሠራተኞች ከሙቀት የተነሣ ስለሚያገኛቸው አደጋ፥ አደጋውም ስለሚከለከልበት መንገድ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ለዚህ ያነሣሣን በሰፈራችን የሆነ ነገር ነው። ከቤታችን አጠገብ አንድ ዳቦ ቤት አለ። አንድ ቀን ማለዳ ዳቦው በወትሮው ሰዓት ሳይደርስ ቢቀር፥ ተቈጥተን «ምን ሆናችሁ ዘገያችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ልጅ ላክን። ልጁም ተመልሶ «ሰው ወድቆባቸው ነው» አለን። ሄደን ብናይ የወደቀው ከደጋ አገር መጥቶ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ያለ ጐበዝ ነበረ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በምድጃው ፊት ሲሠራ አድሮ፥ ሊነጋጋ ሲል እግሩ ይንገዳገድ፥ ቃሉም ይዘባረቅ ጀመረ። ጓደኞቹ የሰከረ መስሏቸው ሳቁበት። አንድ ሸምገል ያለ ጋጋሪ ግን ግንባሩን ቢዳስሰው እንደ ምጣድ ግሎ አገኘውና፥ «ይህ ስካር አይደለም» ብሎ ደግፎ ወደ ውጭ አወጣው፤ ልብሱን አውልቆ በባልዲ ውሃ ያፈስበት ጀመረ። ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ ነፍሱ ተረፈች። በማግሥቱ ዳቦው እንደ ወትሮው በሰዓቱ ደረሰ፤ ጐበዙ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ። እኛም በቍጣ የላክነው ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ሙቀት እንዴት አድርጎ ጐልማሳውን ሰው እንደሚጥል ማወቅ ይገባል። ጤነኛ ሰው የገላው ሙቀት በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሰው ሥራ ሲሠራ ጡንቻው ራሱ ሙቀት ይወልዳል፤ በዚያ ላይ የምድጃው ወላፈን ይጨመርበታል። ገላም ይህን ሙቀት የሚያስወግደው ከሁሉ ይልቅ በላብ ነው። ነገር ግን ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ተንጠባጥቦ የሚወድቀው ላብ ሳይሆን በገላ ላይ የሚደርቀው ላብ ነው። ስለዚህ እንፋሎት በሞላበት ቤት፥ ለምሳሌ የሸንኮራ ጭማቂ በሚፈላበት ወይም ዕቃ በፈላ ውሃ በሚታጠብበት ስፍራ፥ ሠራተኛው በላብ ቢታጠብም ላቡ ስለማይደርቅ አይቀዘቅዝም፤ ከገላው ውሃ ብቻ ይጐድልበታል።

ከዚህ የተነሣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ ብቻ አይቶ «ዛሬ ብዙም አልሞቀም» ማለት ስሕተት ነው። ያግሉና ሚናርድ የሚባሉ ሊቃውንት በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በአሜሪካ ወታደሮች ማሠልጠኛ ስፍራ የደረሰውን ጕዳት መርምረው፥ የአየሩን ሙቀት ከእርጥበቱና ከወላፈኑ ጋራ አስተባብሮ የሚያሳይ የአለካክ ዘዴ አሳተሙ። በዚህም ዘዴ በቤት ውስጥ ሲለካ፥ ከመቶ 70ው የሚሰጠው ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ ለተሸፈነው መለኪያ ነው። እርጥበት ምን ያህል ከባድ ጠላት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በምግብ ፋብሪካ ደግሞ በሌላ ሥራ የማይገኝ ችግር አለ። ለንጽሕና ሲባል ሠራተኛው ጠጕሩን ይሸፍናል፥ ሽርጥ ይታጠቃል፥ ጓንትም ያጠልቃል፤ ይህ ሁሉ ሙቀቱን በገላው ላይ ያምቅበታል። በሊጡ አጠገብም መጠጣት ክልክል ስለ ሆነ፥ ሥራውን ትቶ ወጥቶ ካልጠጣ በቀር እንደ ጠማው ይውላል። የንጽሕናው ሥርዓት መልካም ነው፤ ሊፈርስም አይገባውም። ነገር ግን ለተመጋቢው ጤና የተሠራ ሥርዓት የሠሪውን ጤና እንዳያጠፋ፥ ውሃው በበሩ አጠገብ መኖር፥ ወጥቶ ለመጠጣትም ፈቃድ መሰጠት አለበት።

ሕግ ስለዚህ ነገር ምን እንዳለ መጠየቅ የጽሕፈት ሥራችን ያስለመደን ነገር ነውና፥ በዳቦ ጋጋሪዎች ምክንያት የተነሣውን አንድ ዝነኛ ሙግት እናስታውስ። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ብዙ ዳቦ ቤቶች በምድር ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፥ አየራቸውም የታፈነ ነበረ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ጋጋሪ በቀን ከ10፥ በሳምንትም ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚከለክል፥ ስለ ጣሪያ ቁመትና ስለ አየር መግቢያም የሚያዝ ሕግ ወጣ። ዩቲካ በምትባለው ከተማ ጆሴፍ ሎክነር የተባለ የዳቦ ቤት ባለቤት የሰዓቱን ወሰን በመተላለፍ 50 ዶላር ቢቀጣ፥ ይግባኝ እያለ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1905 ዓ.ም. ከ9ኙ ዳኞች 5ቱ፥ ጋጋሪነት ሕግ እንዲገባበት የሚያስገድድ ያህል ጤና የሚጐዳ ሥራ አይደለም፤ አሠሪና ሠራተኛ እንደ ፈቃዳቸው ይዋዋሉ ብለው የሰዓቱን ወሰን ሻሩት። ዳኛ ሃርላን ግን ጋጋሪዎች በጋለ ቤት ረዥም ሰዓት፥ ይልቁንም ሌሊት በመድከማቸው ጤናቸው እንደሚጐዳ የሊቃውንትን ቃል ጠቅሶ ተቃወመ። ያም ፍርድ ቤት በ1937 ዓ.ም. በሌላ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ከዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ተመለሰ።

እኛም ነገሩን ስንመዝነው እውነቱ ከተቃወመው ዳኛ ጋራ ሆኖ እናገኘዋለን። ለልጆቹ የነገውን ምግብ የሚያስብ ሰው «ሞቀኝ፥ ልረፍ» ብሎ ለመናገር ይፈራልና፥ ዝም ማለቱ እንደ ፈቃድ ሊቈጠር አይገባም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፥ አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል። እንግዲህ የቀረው ሕጉን በምድጃው ፊት መፈጸም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው የአዲሱ ሠራተኛ ነገር ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር እንደሚገልጸው፥ በሥራ ላይ በሙቀት ምክንያት ከሚሞቱት ሰዎች እኩሌታ የሚያህሉት የሚሞቱት ሥራ በጀመሩበት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከመቶ ከ70 የሚበልጡትም በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ምክንያቱም ገላ ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ፥ ከ7 እስከ 14 ቀን በሚያህል ጊዜ ነው። ጐበዝነት ይህን አያሳጥረውም። እንዲያውም አዲሱ ሰው እንዳይናቅ ብሎ ከአቅሙ በላይ ስለሚሠራ ይብስበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከሥራው ሰዓት ከመቶ 20ውን ብቻ፥ ማለት 8 ሰዓት የሚሠራ ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፥ በምድጃው ፊት ይቁም፤ የቀረውን ዱቄት በመንፋት ወይም ዳቦ በመቍጠር በቀዝቃዛው ስፍራ ያሳልፍ። በየቀኑም ከመቶ 20 እየተጨመረለት በአምስተኛው ቀን ሙሉውን ሥራ ይያዝ። ነባሩም ሠራተኛ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ዐርፎ ሲመለስ ልማዱ ስለሚላላ፥ እርሱንም በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በሙቀት የሚሠራ ሰው እስኪጠማው ሳይጠብቅ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይጠጣ፤ በአንድ ሰዓት ግን ከአንድ ሊትር ተኩል አይለፍ፥ ውሃም ከልክ ሲያልፍ ይጐዳልና። በላብ የሚወጣውን ጨው አዘውትሮ የሚበላው ምግብ ይተካለታል፤ አረቄና ጠላ ግን ለዚህ ሥራ ጠላቶች ናቸው።

ሦስተኛው በነፋሻ ስፍራ በየጊዜው ማረፍ ነው። አራተኛውም የቤቱ አሠራር ነው፤ ትኩሱ አየር በጣሪያው በኩል መውጫ፥ ቀዝቃዛውም በታች መግቢያ ይኑረው። በምድጃውና በሰውየው መካከል ወላፈኑን የሚመልስ መከለያ ይቁም። አየር የሚያናፍስ መኪና ይጠቅማል፤ ነገር ግን የቤቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ትኩስ አየር በገላ ላይ እየነፋ ጕዳቱን ያብሳል።

በአገራችን ደግሞ የጾም ወራት አለ። ክርስቲያኑ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፥ እስላሙም በረመዳን እስከ ፀሐይ መግቢያ ውሃ ሳይቀምስ በምድጃ ፊት ሊውል ይችላል። ጾሙን ተው የሚለው የለም፤ አስተዋይ አሠሪ ግን በእነዚህ ወራት ከባዱንና ትኩሱን ሥራ ውሃ ወደሚጠጣበት ሰዓት ያዛውርለታል፥ በምድጃውም ፊት ሰው ቶሎ ቶሎ ያፈራርቃል።

ምልክቱንም ሁሉም ሠራተኛ ይማር። የጡንቻ መኰማተር፥ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና መድከም ሲጀምር ወጥቶ ማረፍና መጠጣት ይበቃል። ቃሉ ቢዘባረቅ፥ ቢንገዳገድ ወይም ቢዝለፈለፍ ግን፥ ገላው ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም፥ የሞት አደጋ ነው፤ የገላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሆናልና። ያን ጊዜ ሐኪም እየተጠራ ወዲያው ወደ ጥላ አውጥቶ፥ የላይ ልብሱን ገፍፎ፥ በመላ ገላው ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና ማራገብ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም። ማቀዝቀዙ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ መዘግየት የለበትም።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው የሚል ባለ ሀብት ቢኖር፥ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ያወጣውን ግምት ይስማ፤ በ2030 ዓ.ም. ከዓለም የሥራ ሰዓት ከመቶ 2.2ቱ በሙቀት ምክንያት ይጠፋል፥ ይህም የ80 ሚሊዮን ሰዎች ሙሉ ሥራ ያህል ነው ብሏል። የአንድ እንስራ ውሃና የአንድ መስኮት ዋጋ ከዚህ ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

የቤት እመቤቶችም ይህ ነገር ለፋብሪካ ብቻ የተነገረ አይምሰላቸው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ከምጣዱ ሥር ጭስ፥ ከአክንባሎውም ሥር እንፋሎት እየገረፋት ከማለዳ እስከ ቀትር ለድግስ የምትጋግር ሴት፥ ያው የምድጃ ሠራተኛ ናት። በቅርቡ ከገጠር የመጣች ልጅ ብትሆን ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ናት። በየመካከሉ «ልጄ፥ ውጪና ውሃ ጠጪ፤ ነፋስም ተቀበይ» ብሎ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል፤ ይህን ሳይባሉ በራሳቸው ፈቃድ ከምጣድ የሚነሡ ጥቂቶች ናቸውና።

ከታሞ መማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። ፋብሪካ ያላችሁ ነገ ጧት ሄዳችሁ ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ከምድጃው ፊት የቆመውን ሰው ተመልከቱ፤ መቼ ሥራ እንደ ጀመረም ጠይቁት። ፋብሪካ የሌለን ደግሞ፥ ዳቦው አንድ ቀን የዘገየ እንደ ሆነ፥ ከመቈጣታችን በፊት «ሁላችሁ ደኅና ናችሁ ወይ?» ብለን እንላክ።