«ወላጅ አምጣ» ብቻውን መፍትሔ ነውን?

በየትምህርት ቤቱ በር ላይ በየቀኑ ከሚሰሙት ትእዛዞች አንዱ «ወላጅ ይዘህ ና!» የሚለው ነው። ያረፈደው፣ የቤት ሥራ ያልሠራው፣ የተደባደበው ሁሉ ይህችኑ ትእዛዝ ይዞ ይመለሳል። ትእዛዙ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ወላጅና መምህር ካልተገናኙ ልጅ ከመሐል ይወድቃል። ነገር ግን እኛ እጩ መምህራን ነገ ይኸንኑ ቃል ከመናገራችን በፊት አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። አባቱን ካነጋገረ ዓመት ያለፈው ልጅ ማንን ይዞ ይምጣ?

ነገሩን እንዲያው ከሜዳ አላነሣነውም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪ አባቱን እንዲያመጣ ታዘዘና ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ቀን አንድ የሰፈር ሊስትሮ ይዞ መጣ፤ ሰውየውም «አጎቱ ነኝ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኛን ግን አላሳቀንም። ልጁ እናቱና አባቱ ከተፋቱ ወዲህ እንኳን ከአባቱ ጋር ሊነጋገር አባቱ ባለበት መንገድ አያልፍም። የዋሸው አባት ስለሌለው አይደለም፤ ወደ አባቱ የሚያደርሰው መንገድ ስለጠፋበት ነው።

የወላጅና የልጅ መራራቅ መልኩ ብዙ ነው። አንደኛው ከፍቺ የሚመጣው ነው፤ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ልጅ የአንዱን ቂም ይወርሳል። ሁለተኛው ያለ ጠብ የሚመጣ ነው። ሕፃን ልጇን ለአያት ትታ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች እናት ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ስትመለስ፣ ልጁ አያቱን «እማዬ» እያለ እርሷን እንደ እንግዳ ያፍራታል። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ሁለቱም ግን ይከፋቸዋል። ሦስተኛው ዱላና መጠጥ ያመጣው ነው፤ ይህኛው ልጅ የሸሸው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ታዲያ እነዚህን ሦስቱን በአንድ መድኃኒት ማከም ይቻላል?

አገራችን ለጠብ የቆየ መድኃኒት አላት፤ ሽምግልና ነው። የተከበረ ሦስተኛ ሰው መሐል ይገባል፣ ነገሩ በትዕግሥት ይታያል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የአባትና የልጅ ሲሆን ሚዛኑ ወዲያ ያዘነብላል። ሽማግሌዎቹ የአባት እኩዮች ናቸው። ልጁ «አባትህ አይደለም ወይ?» ይባላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ይመረቃል፣ በቃ ነገሩ አለቀ። የልቡን የጠየቀው የለም። ቢጠየቅም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ያደገ ነውና አይናገርም። እንዲህ ያለው ዕርቅ ብዙ አይቆይም። ይኸው ሕዝብ ግን «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል እኮ! ብስሉን ለማግኘት አስቀድሞ መስማት ግድ ነው።

በዚህ ረገድ የቤተሰብ የሥነ ልቦና ሕክምና የሚያስተምረን ነገር አለ። በአሜሪካ ጋይ ዳይመንድና ባልደረቦቹ በጭንቀትና በተስፋ መቁረጥ ለታመሙ ወጣቶች ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ያወጡት ዘዴ ለምሳሌ ያህል ይጠቀሳል። ሥራው አምስት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ባለሙያው ወላጅና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ «ልጁ ምን አጠፋ?» አይልም፤ «ሲከፋህ ወደ ወላጆችህ የማትሄደው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ልጁን ለብቻው ያነጋግራል። ከዚያ ወላጅን ለብቻ፤ የራሱን ኑሮና እርሱ ራሱ እንዴት እንዳደገ ጭምር ያወያየዋል። አራተኛው ዋነኛው ነው፤ ልጁ የተጎዳበትን ይናገራል፣ ወላጅ ሳይከራከር ያዳምጣል። በመጨረሻ ልጁ ራሱን ችሎ የዕለት ኑሮውን እንዲመራ ይታገዛል። ልብ እንበል፤ ሽምግልናችን መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጠውን ይቅርታ ይህ ዘዴ ከማድመጥ በኋላ ያመጣዋል።

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9፣ ከወላጁ የተለየ ልጅ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ከወላጁ ጋር አዘውትሮ የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግም በፍቺ ጊዜ ወላጆችና ልጆች የሚጠያየቁበትን ሁኔታ ፍርድ ቤት እንዲወስን ያዛል።

«ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር» የምትለዋ ሐረግ ግን ልትሰመርባት ይገባል። ዕርቅ በግድ አይሆንም። በካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሕግ፣ ፍርድ ቤቶች ልጅን ወስዶ ለቀናት የሚያቆይ «የማቀራረብ» ካምፕ እንዳያዝዙ ከልክሏል። የተደበደበን ልጅ «አባትህ ነው» ብሎ ወደ ደብዳቢው መመለስ ማስታረቅ ሳይሆን አሳልፎ መስጠት ነው።

አንዳንዶች «60 ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ ሐኪም ይሁን ወይ?» ይሉናል። አይሁን። እኛም የምንለው ሕክምና ለባለሙያው ይተው ነው። መምህር ግን መንገዱን ላለመዝጋት የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፦ «ወላጅ አምጣ» ከማለት በፊት ልጁን ለብቻው ጠርቶ «ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ማን ቢመጣልህ ይሻልሃል?» ብሎ መጠየቅ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛ፦ ወላጅን ለክስ ብቻ አለመጥራት። ልጁ ጥሩ ሲሠራም ይጠራ። ከልጁ የተራራቀ አባት ስለ ልጁ የሚሰማው ሁሉ ጥፋት ከሆነ በምን ወኔ ይቀርባል?

ሦስተኛ፦ የልጁን ምሥጢር በክፍል ፊት አለማውጣት።

አራተኛ፦ ድብደባ ወይም ጥቃት ካለ፣ ከማስታረቅ በፊት ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለሚመለከተው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ።

ለመምህሮቻችንም አንድ ጥያቄ አለን። የፒያዤን የዕድገት ደረጃዎች ተምረናል፤ ጠቅመውናልም። የተቆጣ አባት ፊት ለፊት ቁጭ ሲል እንዴት እንደምናነጋግረው ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አላገኘንም። አንዳችን አባት፣ አንዳችን ልጅ፣ አንዳችን መምህር ሆነን የምንለማመድበት ሰዓት ቢመደብልን፣ በሽምግልና የታወቁ አንድ አባትና አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያም በአንድ መድረክ ተጋብዘው ቢያወያዩን ምን ይገደናል? ከሁለቱም እንማራለን፤ ምናልባትም እነርሱ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ይሆናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ በቅርቡ በየወረዳው እንበተናለን። በምንደርስበት ክፍል ሁሉ ወላጁን የሚያስበው ግን የማያነጋግረው ልጅ ተቀምጦ ይጠብቀናል። በሩን ከመዝጋታችን በፊት እንጠይቀው።