የኬረላ ነርሶችና አሥራ አንደኛው ክትባት

ዘይት ያለቀበትን ጠርሙስ ደፍታ የማታሳድር የቤት እመቤት ብዙ አትገኝም። እንዲህ ያለውን ቁጠባ «የሴት ነገር» እያሉ የሚስቁ አሉ። በህንድ አገር በኬረላ ክፍለ ግዛት የሚሠሩ ነርሶች ግን በዚሁ ዓይነት ጥንቃቄ፣ በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጊዜ ከ87 ሺህ በላይ ክትባት አትርፈዋል። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በዛሬው ዓምዳችን እናጫውታችሁ።

ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ የምትገኝ፣ ከ33 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ በራሷ የክፍለ ግዛት መንግሥት የምትተዳደር አገር ናት። ዱሮ በየትምህርት ቤታችን ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነበር። በህንድ የመጀመሪያዋ የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘችውም እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2020 ከቻይና ከዉሃን ከተማ የተመለሰች የሕክምና ተማሪ ነበረች። በጊዜው የክፍለ ግዛቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ኬ. ኬ. ሻይላጃም የቀድሞ መምህርት ናቸው፤ ሕዝቡ «ሻይላጃ ቲቸር» ይላቸዋል።

በህንድ ክትባት መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2021 ነው። በብዛት የተሰጠው ኮቪሺልድ የተባለው ሲሆን፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአገራችን ክትባቱ ሲጀመር የቀረበውም ይኸው በህንድ የተመረተ ስለ ነበረ፣ ብልቃጡን በዓይኗ ያየች አንባቢ ትኖራለች። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው የሚሆን 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ፋብሪካው ግን በመርፌና በስሪንጅ ውስጥ የሚቀረውን አስቦ ከልኩ ጥቂት ጨምሮ ይሞላል። ነርሷ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ አየሩን ቀስ ብላ አስወጥታ፣ ልኩን ሳታሳልፍና ሳታጎድል ከቀዳች፣ ለ11ኛ ሰው የሚበቃ ሙሉ መጠን ይተርፋታል። ታዲያ የተረፈው ከግማሽ ሚሊ ሊትር ካነሰ ለሰው መስጠት ወይም ከሌላ ብልቃጥ ትራፊ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፤ ይደፋል። በቀን መቶና ከዚያ በላይ ሰው እየተሰለፈ ይህን ማድረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የነርሷ ጥበብ ብቻውንም አይበቃም። አንድ ጊዜ የተከፈተ ብልቃጥ አያድርም። አራት ሰው ብቻ መጥቶ ከተከፈተና ሌላ ሰው ካልተገኘ የስድስቱ ድርሻ ይባክናል። ስለዚህ ሰዎቹን ቆጥሮ በሰዓቱ የሚያመጣ ያስፈልጋል። ይህንን የሠሩት በህንድ «አሻ» የሚባሉት የየሠፈሩ የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ቃሉ «ተስፋ» ማለት ነው። በኬረላ ወደ 26 ሺህ የሚጠጉ ሲሆኑ ሁሉም ሴቶች ናቸው። በየትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ እንዳሉ፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር መርፌ እንደምትፈራ፣ ማን ከውጭ አገር ተመልሶ ተለይቶ መቀመጥ እንዳለበት ያውቃሉ። በእኛ አገር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ይመሳሰላሉ፤ የእኛዎቹ ግን ደመወዝተኞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2021 የክፍለ ግዛቱ ዋና ሚኒስትር ፒናራይ ቪጃያን ሒሳቡን ለሕዝብ ገለጡ። ከማዕከላዊው መንግሥት የተረከቡት 7,338,806 ክትባት ሲሆን የተሰጠው 7,426,164 ነበር። ከተረከቡት በላይ ሰጡ ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲም ነርሶቹን በይፋ አመሰገኑ።

በኬረላ ሁሉ ነገር አማረ ለማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ክረምት በመላው ህንድ በየቀኑ ከሚመዘገበው አዲስ ሕመምተኛ ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ የኬረላ ሰው የሆነበት ጊዜ ነበር። አንዱ ምክንያት፣ ቀደም ብሎ ሕዝቡ ከበሽታው በመጠበቁ ገና ያልተነካው ሰው ብዙ መሆኑ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ በተደረገው የደም ምርመራ በአገሪቱ 67.6 ከመቶ ሰው የመከላከያ ኃይል ሲገኝበት በኬረላ ግን 44.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ሳይቆጠሩ ቀርተው የነበሩ በሺህ የሚገመቱ ሟቾችም በኋላ በመዝገቡ ተጨምረዋል። ወይዘሮ ሻይላጃ በ2021 ምርጫ ከ60 ሺህ በላይ የድምፅ ብልጫ አግኝተው ሳለ በአዲሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ሳይገቡ መቅረታቸው ብዙዎችን አስገርሟል፤ እኛንም ጭምር።

ከሁሉ የሚከነክነው ግን የአሻዎቹ ነገር ነው። ሕጉ እንደ በጎ ፈቃደኛ እንጂ እንደ ሠራተኛ አይቆጥራቸውም፤ የሚያገኙትም ደመወዝ ሳይሆን «የክብር ክፍያ» ይባላል። ምስጋናው ሲዘንብ ልጆቻቸውን ለጎረቤት ጥለው ከበር ወደ በር ሲዞሩ የዋሉት እነዚህ እናቶች፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ በቲሩቫናንታፑራም ከመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተቀመጡ። በወር የሚከፈላቸው የክብር ክፍያ 7 ሺህ ሩፒ ነበር፤ 21 ሺህ እንዲሆንና ሲያረጁም መጦሪያ እንዲኖራቸው ጠየቁ። ፀሐዩም ዝናቡም እየተፈራረቀባቸው ከስምንት ወራት በላይ ቆዩ። በጥቅምት መጨረሻ መንግሥት በወር 1 ሺህ ሩፒ ጨመረላቸው።