«ሌላ» የሚለው አማራጭ

ባለፈው ክረምት እናቴ ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ የሠራኸው ነገር እኔን አያውቀኝም እኮ» አለችኝ።

የሠራሁት ነገር ድረ ገጽ ነው። የምትፈልጉት መድኃኒት የትኛው ፋርማሲ እንዳለ ይፈልጋል፣ ዋጋውን ይነግራችኋል፣ ከዚያ ባለሞተር ቤታችሁ ድረስ ያመጣላችኋል። የምሠራበትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔም ስለሆነ። እናቴ የምትኖረው ሰበታ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷ ከሰፈሯ ፋርማሲዎች ሲጠፋባት ልጇ የሠራውን ልትሞክር ስልኳን አነሣች። ስሟን ሞላች፣ ስልኳን ሞላች፣ «አድራሻ» የሚለው ላይ ስትደርስ ዝርዝር ተከፈተላት፦ አዲስ ከተማ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ አራዳ፣ ቦሌ፣ ጉለሌ፣ ቂርቆስ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ለሚ ኩራ፣ ልደታ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ የካ። አሥራ አንድ። ከሁሉም በታች ደግሞ «ሌላ»። «ሌላ»ን ስትነካው «እዘዝ» የሚለው ቁልፍ ደበዘዘ።

«ሌላ ማለት እኔ ነኝ?» አለችኝ።

ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን የሚያደበዝዘውን ኮድ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ሰበታ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቡራዩ ተከራይቼ የምኖር፣ እሑድ እሑድ ሱሉልታ የምሮጥ ሰው። ቻው ብያት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን ብቻ አይ ነበር።

«ፕሮግራመር እኮ የትም ሆኖ ይሠራል» ይባላል። አጎቶቼ ይሉኛል፣ አብረውኝ ኢንጂነሪንግ የተማሩት ይሉኛል፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰዎች ሳይቀሩ ብለውኛል። «የትም» ሲሉ ግን ቦሌ ያለ፣ ጀነሬተር ያለው ካፌ ማለታቸው ነው። እስቲ የኔን «የትም» ልንገራችሁ።

አሸዋ ሜዳ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ነው። እዚህ የገባሁት አየሩን ወድጄ አይደለም፣ ደመወዜ ከተማ ውስጥ የሚያስከራየኝ ቤት ስላጣሁ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የቻርጀሩን ትንሽ መብራት ነው። ከበራች ቀኑ ደህና ነው። ካልበራች ማታ የሞላሁት ፓወር ባንክ ራውተሩን ለሁለት ሰዓት ያቆምልኛል፣ ላፕቶፑም ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ሥራ ጎሕ ሳይቀድ እጨርሳለሁ። የ3 ሰዓቱ ስብሰባ ላይ ካሜራዬ ሁሌም ጠፍቶ ነው። «ዛሬም ፀጉሩን አላበጠረም» ብለው ይቀልዱብኛል። ፀጉሬ ደህና ነው፤ ያለቀው ፓኬጁ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው። ገፈርሳ ግድብ እዚሁ ጎረቤታችን ነው፣ አዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት ስትጠጣው የኖረችው ውኃ፤ እኔ ጀሪካን ተሸክሜ የውኃ ቀን እጠብቃለሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ መግባት አለብኝ። ከአሸዋ ሜዳ አስኮ፣ ከአስኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቦሌ። በየመሃሉ ሰልፍ። ታክሲ ውስጥ ኮድ ጽፌ አውቃለሁ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፤ ረዳቱ «ወንድሜ፣ ሂሳብ» እያለ ሁለት ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ነው የሰማሁት። አይመከርም።

ኔትወርክ የተማረ ሰው «ስታር ቶፖሎጂ» የሚባለውን ያውቀዋል፦ ሁሉም መሣሪያ መሃል ካለው አንድ ሳጥን ጋር ይገናኛል፣ ዳር ያሉት ግን እርስ በርሳቸው አይገናኙም። የኛ ከተሞች እንደዚያ ናቸው። ወደ ቡራዩ በአስኮ፣ ወደ ሰበታ በአየር ጤና፣ ወደ ሱሉልታ በአዲሱ ገበያ። ካርታ ላይ ቡራዩና ሱሉልታ ጎረቤት ናቸው። በታክሲ ለመሄድ ግን ከተማ ገብቼ፣ አቋርጬ፣ እንደገና እወጣለሁ። ሰበታ እናቴን ለማየትም እንደዚያው። ከሰበታ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ የኛ ሞተር ግን ከአየር ጤና ሰበታ መድረስ አይችልም ተብሎ ተወስኗል። የወሰንኩት ደግሞ እኔ፣ በአንድ መስመር ኮድ።

በነገራችን ላይ እኔም ዋሽቻለሁ። ሥራ ስፈልግ «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉኝ ሁለት ጊዜ «ቡራዩ» አልኩ። ሁለቱም ጊዜ ጠያቂው ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ «ሰዓት ማክበር ትችላለህ?» የሚል ጥያቄ ተከተለ። ሁለቱንም አላገኘሁም። ምክንያቱ ሰፈሬ ነው ብዬ መማል አልችልም። በሦስተኛው «አስኮ አካባቢ» አልኩና ተቀጠርኩ። ሲቪዬ ላይ እስካሁን የሚለው «አዲስ አበባ» ነው።

ልጁ የዋሸ እናቱ ትዋሻለች። እማዬ በማግስቱ እንደገና ከፈተችው፣ «ኮልፌ ቀራንዮ»ን መረጠች፣ አዘዘች። ባለሞተሩ አየር ጤና ደርሶ ደወለ፦

«እማማ፣ የት ጋ ነዎት?»

«ትንሽ ወደ ፊት ና፣ የኔ ልጅ።»

ዓለም ገና ደረሰና ደግሞ ደወለ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ኮልፌ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንተ ና ብቻ፣ የድካምህን እከፍልሃለሁ።»

መጣ። ከፈለችው። ቡናም ጠጥቶ ሄደ። መድኃኒቱ ደረሰ፣ ታሪኩ አለቀ ብላችሁ ከሆነ ዳታቤዛችንን አላያችሁም። እዚያ ውስጥ እናቴ የኮልፌ ሰው ናት።

ይሄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ስብሰባ ላይ «የዙሪያውን ከተሞች እንጨምር» ስል አለቃዬ ግራፍ ከፈተ። «ተመልከት» አለኝ፣ «ከሰበታ ዜሮ፣ ከቡራዩ ዜሮ፣ ከሱሉልታ ዜሮ። ፍላጎት የለም። ዳታው ነው የሚናገረው።» ዳታው ምን ብሎ ይናገር? አፉን የዘጋነው እኛ! ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ዳታቤዙ ውስጥ ሊገባ አይችልም። «ሌላ» ያለውን ቁልፉን አደብዝዘን እንመልሰዋለን፣ የባሰበት ኮልፌ ነኝ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ በዓመቱ ግራፍ አውጥተን «አየህ፣ ከዚያ ማንም አልመጣም» እንላለን። በር ቆልፎ እንግዳ ቀረ ማለት ነው። እንዲያውም ያ ግራፍ ላይ ኮልፌ ቀራንዮና ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሁሉም በልጠው ታይተው ነበር። አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም።

የአለቃዬን መከራከሪያ አላጣጥልም። ነዳጅ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ባለሞተሩ ሲመለስ ባዶውን ነው፣ እሱም እውነት ነው። ይሁንና ይሄ የዋጋ ጥያቄ ነው። ዋጋውን ጻፉ፦ «ሰበታ ይህን ያህል ያስከፍላል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል» በሉ። እናቴ አስባ ትወስን። አለበለዚያም «እስካሁን አንደርስም፣ ስንጀምር እንደውልልዎ?» ብላችሁ ስልኳን መዝግቡ። አለመድረስ ነውር አይደለም። ሰውየው መጥቶ እንደነበር እንኳ አለመመዝገብ ግን ምን ይባላል?

«የኛ ፈቃድ የአዲስ አበባ ነው፣ እነሱ ሌላ አስተዳደር ናቸው» የሚልም አለ። እሺ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ገብተዋል፤ ሸገር ከተማ 12 ክፍለ ከተሞች አሉት። የሚያስቀኝ ግን የኛው ማስታወቂያ ነው፦ «በመላው ሸገር እናደርሳለን!» ጻፊው ሸገር ሲል ያው እንደ ሁላችን አዲስ አበባን ማቆላመጡ ነው። የሸገር ከተማ ነዋሪ ማስታወቂያውን አምኖ ሲገባ ግን «ሌላ» ይሆናል።

ስሞቹን መጨመር ራሱ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፣ ይሄን ባለሙያ ስለሆንኩ ልናገር። ሰበታ በአማርኛ አንዱ በ«ሰ» ይጽፋታል፣ አንዱ በ«ሠ»፤ ለአፋችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ባዕድ ፊደላት ናቸው። በኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ «ቢ»ዋ ትደገማለች፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ»ም ትደገማለች። ፍለጋው ይህን ሁሉ አንድ ቦታ መሆኑን እንዲያውቅ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቤቱን ለማግኘትም ቁጥር አይጠቅምም፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ብሎ የሚጻፍበት ሰፋ ያለ ሳጥን ያስፈልጋል። ሰበታ ደግሞ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ እዚያ የተማረ ሰው ስልኩ የሚያነብለትን ሰምቶ ቢሞላ ኖሮ የኛ ዝርዝር መኖሩን እንኳ አይነግረውም፣ መለያ ስላልጻፍንበት። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በሐምሌ 2016 «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ይፋ ሲሆን ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ ያለች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በእናቷ ስልክ ጀምራለች፣ አንዳንዴ ስትቸገር በሬን ታንኳኳለች። ባለፈው የመመዝገቢያ ፎርም መሥራት እየተለማመደች አገኘኋት። አድራሻ የሚለው ላይ ከኢንተርኔት የገለበጠችውን ዝርዝር ለጥፋለች። አሥራ አንዱ። ቡራዩ ቁጭ ብላ! «አንቺስ የትኛው ውስጥ ነሽ?» ስላት ዝርዝሩን ወደ ታች ወደ ላይ አደረገችና ሳቀች።

ለራሴ ያገኘሁት ማስተንፈሻ ሩጫና ካርታ ነው። እሑድ በሌሊት አዲሱ ገበያ ወጥቼ ሱሉልታ እወርዳለሁ። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራባት ከተማ ስለሆነች እውነተኛ አትሌቶች እንደ ንፋስ ያልፉኛል፣ እኔ እንደ ጭነት መኪና እከተላለሁ። ሰዓቴ የሮጥኩበትን መንገድ ይቀዳል። ማታ ቤቴ ገብቼ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ያላገኘሁትን መንገድ እሥላለሁ፦ ይቺ የእግር መንገድ፣ ይቺ ድልድይ፣ ይቺ ወፍጮ ቤት። ማንም አይከፍለኝም። አንድ ቀን አንዱ ባለሞተር ይጠቀምበታል ብዬ ነው።

ለሥራው ደግሞ ኮዱን አስተካክዬ ለግምገማ ልኬአለሁ። አዲሶቹ ስሞች፣ የፊደሉ ነገር፣ ሰፊው ሳጥን፣ ለ«ሌላ» ደግሞ ስልክ መመዝገቢያ። ከላክሁት ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሥሩ ላይ አንድ አስተያየት ብቻ አለ፦ «ዳታው ይደግፈዋል?» እማዬን ስሟን ሳልጠቅስ መልስ ጻፍኩ፣ ባለሞተሩንም፣ ቡናውንም። እስካሁን የጸደቀ ነገር የለም። የዚህን ወር መድኃኒቷን ዓርብ ከቢሮ ስወጣ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ በአየር ጤና በኩል ነው የምሄደው።