ስንዴ የማይስማማው ሰው ከገበታ አይለይ

በአገራችን ልማድ ራት ማለት ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። አባትና እናት፣ ልጆችና እንግዳ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስበው ከአንድ እንጀራ መቁረሳቸው የቤተ ሰብ ፍቅር የሚታደስበት ሥርዓት ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ አንዱ፣ ይልቁንም ሕፃን ልጅ፣ በሕመም ምክንያት ከገበታው ተለይቶ በሳሕን ለብቻው እንዲበላ በተገደደ ጊዜ የሚጎዳው ሆዱ ብቻ እንዳልሆነ መገንዘብ አያዳግትም። ዛሬ ልንናገርበት የወደድነውም ስንዴ ስለማይስማማቸው ሰዎች እንጀራና ቂጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ይገኛል። የስንዴውን ሊጥ እንደ ሙጫ የሚያያይዘው፣ ዳቦውንም ከፍ አድርጎ የሚይዘው እርሱ ነው። ሴሊያክ የተባለ ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን በበላ ጊዜ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀት ያጠቃዋል፤ የበላውም ምግብ በሚገባ አይዋሐደውም። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክሳትና የደም ማነስ፣ በልጆችም ላይ የዕድገት መቀጨጭ ሊከተል ይችላል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል።

ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ያረጋገጡት ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቪለም ዲኬ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የጦርነት ክረምት አገራቸው በረሃብ ተመትታ ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሰው ሲከሳ እነዚህ ሕፃናት ተሻላቸው። ሐኪሙ ከዚያ በፊትም ጥርጣሬ ነበራቸውና ምርምራቸውን ቀጥለው በ1950 በጽሑፍ አቀረቡት። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ የታወቀው ሕክምና ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ነው። ሆኖም የሚጠራጠር ሰው አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ በራሱ ፈቃድ ስንዴን አይተው፤ ከተወው በኋላ የሚደረገው የደም ምርመራ ሊያሳስት ይችላልና።

በዚህ ነገር አገራችን የታደለች ናት። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝና ቆጮ ይህ ጉዳት የለባቸውም። ሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚፈልገውን ምግብ የእኛ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ሲጋግሩት ኖረዋል። ጤፍ በውጭ አገር ስሙ የገነነው በዚሁ ጠባዩ ሲሆን፣ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት እስከ ማስመዝገብ ደርሶ ነበር። ይህንንም የዚያው አገር ፍርድ ቤት በ2011 ዓ.ም. ሽሮታል። እንግዲህ ጥያቄው፣ ሌሎች እንዲህ የተሻሙበት እህል በእኛ ገበታ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል ወይ? የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው እህሉ በየትኛው በር እንደሚገባ ያውቃል። የበቾ ሜዳ ጤፍ በጅማ መንገድ በሰበታ ያልፋል። የምዕራቡ በቆሎና ማሽላ በአምቦ መንገድ በቡራዩ በኩል ይመጣል። ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ ራሷ የደጋ ገብስ አገር ስትሆን፣ የጎጃምም ጤፍ የሚመጣው በእርሷ በኩል ነው። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ነዋሪው እየበዛ፣ ባልም ሚስትም ለሥራ ማልደው የሚወጡበት ቤት እየበረከተ በመሄዱ፣ እንጀራ ከደጅ ገዝቶ መብላት የተለመደ ሆኗል።

ጤፍ በተወደደ ቁጥር ሌላ እህል መቀላቀል እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነውርም አይደለም። በሩዝ፣ በበቆሎ ወይም በማሽላ የተቀላቀለ እንጀራ ስንዴ የማይስማማውን ሰው አይጎዳውም። ስንዴ ወይም ገብስ የገባበት ግን ይጎዳዋል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ እኛ የምንነቅፈው መቀላቀሉን ሳይሆን መደበቁን ነው። ምን እንደ ቀላቀለች በግልጽ የምትናገር የእንጀራ ሻጭ ምስጋና ይገባታል።

በቤት የሚጋግርም ቢሆን ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቅ። አንደኛው ወፍጮ ቤቱ ነው። ስንዴ ወይም ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ ወዲያው የሚፈጭ ጤፍ ብናኙን ይዞ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ «ግሉተን የለበትም» ለሚባል ምግብ የፈቀደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ብናኙ ቀላል ነገር አይደለም። የተሻለው ጤፍ ብቻ የሚፈጭበትን ወፍጮ መፈለግ ነው። ሁለተኛው እርሾ ነው። ከጎረቤት የተዋሱት እርሾ ከምን ሊጥ እንደ ተቀዳ ይጠየቅ፤ ካልታወቀም የጤፉ ቡኮ ቀናት ታግሦ በራሱ ይቦካል። ሦስተኛው ዕቃው ነው። ወንፊቱና ሰፌዱ፣ ቢቻል ምጣዱም፣ ስንዴ ያልነካው ይሁን።

ጊዜ ለሌለው ቤት ደግሞ ቂጣ አለ። እኛም ለቤተ ሰብ ራት የሚሆን ቂጣ በልዩ ልዩ ዱቄት አስጋግረን ተመልክተናል። የጤፍ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ተለውሶ ሲጋገር ቂጣው ከምጣዱ ሲነሣ ይሰነጠቃል፤ ሊጠቀልሉት ሲሉም ይሰበራል፤ የሚያያይዘው ግሉተን የለውምና። በአንድ ብርጭቆ ዱቄት ላይ ጨው ያለበት አንድ ብርጭቆ ያህል የፈላ ውኃ አፍስሰው ሲያማስሉት ግን ሊጡ ይያያዛል። ምሥጢሩ እናቶቻችን በአብሲት ከሚያውቁት የተለየ አይደለም፤ የፈላው ውኃ ዱቄቱን አብስሎ ሙጫ ያደርገዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ ሲጨመርበት ደግሞ ይለሰልሳል። ሊጡን በጨርቅ ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ፣ ዘይት በነካው በሁለት የኮባ ቅጠል መካከል ስስ አድርጎ መዳመጥ፣ በጋለ ምጣድ አገላብጦ መጋገር፣ ሲወጣም በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል ይገባል።

በቆሎ ብቻውን ይፈረፈራል፤ እኩሌታውን ጤፍ ሲያደርጉበት ግን መልካም ይሆናል። የማሽላው ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በትኩሱ ይበላ። ሜክሲኮዎች ቶርቲያ የሚሉትን ስስ የበቆሎ ቂጣ የሚሠሩት በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅለው ካሳደሩ በኋላ ነው፤ ይህም ሊጡን ያያይዛል፣ በበቆሎው ውስጥ ያለውንም ቪታሚን ለሰውነት ያመቻቻል። የእኛ ተልባና የፈላ ውኃ ቪታሚኑን ባይተኩም ለማያያዙ ይበቃሉ። እንዲህ የተጋገረ ቂጣ ጎመንና አይብ ይጠቀለልበታል፤ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ጨጨብሳ ይሆናል፤ ለሽሮም ለዶሮ ወጥም ይቀርባል። ስንዴ የሚስማማውም ሰው ቢበላው ቅር አይለውም።

ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ለታመመው ልጅ ለብቻው ከመጋገር ይልቅ ሁሉም የሚበላውን አንድ ዓይነት መጋገር ይሻላል። ድፎ ዳቦው በገበታው ላይ ካለ ፍርፋሪው፣ ዳቦ የነካው እጅም ወደ ወጡ ይገባል፤ ስለዚህ በዚያ ራት ዳቦው ቢቀር ቤተ ሰቡ የሚጎድልበት ነገር የለም። ገንፎው፣ በሶውና ቂንጬውም ከገብስ ወይም ከስንዴ መሆናቸውን፣ ጠላውም ገብስ እንደሚገባበት አስተናጋጅ ሁሉ ይወቅ። ልጁ «አልበላም» ሲል «ትንሽ ቅመስ» ብሎ ማጉረስ ፍቅር ቢመስልም ጉዳት ነው።

በመጨረሻም ለነጋዴዎችና ለሹማምንት የምንለው አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ ቃል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሱቆች በሚሸጠው ዱቄትና እንጀራ ላይ እንዲታይ እንሻለን። በከረጢቱ ላይ «ጤፍና ሩዝ» ወይም «ጤፍና ስንዴ» ብሎ መጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ያንን ያነበበች እናት ግን ልጇን ያለ ሥጋት ወደ መሶቡ ትጠራዋለች።